በበዓለ ኀምሳ የጾም ምሳ

ሰው ሁሉ በሚጾምበት ጊዜ መጾም ቀላል ነው። ልኳንዳው ይዘጋል፤ ሆቴል ቤቱ ሳይጠየቅ ሽሮውንና ምስሩን ያቀርባል፤ ድስቱ እንኳ ታጥቦና ታሽቶ ከቅቤ ሽታ ይጸዳል። አስቸጋሪው ነገር ሰው ሁሉ በሚፈስክበት ሰሞን ብቻውን የሚጾም መንገደኛ ሆኖ መገኘት ነው። ይህን ያስተማረን በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር ወደ አዊ ምድር ያደረግነው የአራት ቀን ጉዞ ስለሆነ፣ ለዛሬ እሑድ አንባቢያን የምናቀርበው የዚያኑ ጉዞ ወሬ ነው።

አብራን የተጓዘችው የአንድ የቆየ ወዳጃችን ልጅ ናት። አባቷ የዳንግላ ተወላጅ ሲሆን፣ እርሷ ግን ተወልዳ ያደገችው በአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዕድሜዋ 22 ዓመት፣ ሥራዋም የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። አማርኛዋ አልፎ አልፎ ይሰናከላል እንጂ ያግባባል። አያቷን በዓይኗ አይታ ስለማታውቅ፣ አባቷ ሥራ ይዞት ሊመጣ ባለመቻሉ «ለእናቴ አሳይልኝ» ብሎ አደራውን ለእኛ ሰጠን። በመጨረሻም፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ «አንድ ነገር ረስቼ፤ ልጅቱ ሥጋ አትበላም። ወተትም፣ ዕንቍላልም፣ ቅቤም አትቀምስም» አለን።

እኛም ሳቅ ብለን፣ «ይኸማ ምን ችግር አለው? ወደ ጾም አገር አይደለም እንዴ የምትመጣው!» ብለን መለስንለት። እንዲህ ስንል ግን የቀን መቍጠሪያውን አልተመለከትንም ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 20 ቀን ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ማለትም እስከ ሰኔ 9 ቀን ድረስ ያለው ጊዜ በዓለ ኀምሳ ስለሆነ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምበትም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከዓመቱ ቀኖች ግማሽ ያህሉ በጾም የሚያልፉ ሲሆን፣ እኛ ልጅቱን ይዘን የወጣነው ጾም ፈጽሞ በሌለበት በዚያ ሰሞን ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ያስጨነቀው ሰው ሁሉ ካሣውን የሚያገኝበት ወቅት ስለሆነ፣ በየቤቱ ዶሮ ይንጫጫል፣ በየሆቴሉ ምጣድ ጥብስ ይንጣጣል።

ልጅቱ የያዘችው ሥርዓት በውጭ አገር «ቬጋን» የሚባለው ነው። ቃሉ ራሱ ገና ወጣት ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዶናልድ ዋትሰን የተባለ የእንጨት ሥራ መምህር ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ማኅበር ሲያቋቁም፣ «ቬጀቴሪያን» ከሚለው ስም መጀመሪያውንና መጨረሻውን ወስዶ፣ መካከሉን ቈርጦ ጥሎ ያበጀው ስም ነው። ቬጀቴሪያን የተባሉት ሰዎች ሥጋ ቢተዉም ወተትና ዕንቍላል ስለሚበሉ፣ እነ ዋትሰን ከእነርሱ የሚለዩበት መጠሪያ አስፈልጓቸው ነበር። አንባቢ እንግዲህ «ይህማ የእኛው ጾም ነው» ሊል ይችላል፤ እኛም ብለን ነበር። ዳሩ ግን ሁለቱ ሲቀራረቡ ልዩነታቸው ይታያል። የእኛ ጾም ከምግቡ ዓይነት በተጨማሪ የሰዓትም ጾም ነው፤ ቬጋኑ ግን በማለዳ ተነሥቶ ቍርሱን ይበላል። በእኛ ዘንድ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ገና ያላለቀ ነው፤ ቬጋኑ ጥያቄውንም አያነሣ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኛ ጾም መግቢያም መፍቻም አለው፤ የእርሱ መፍቻ የለውም።

ከባሕር ዳር ተነሥተን መራዊን፣ ወተት ዐባይንና ዱርቤቴን አልፈን፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ዳንግላ ገባን። ዳንግላ የሩቅ አገር ሰው ማስተናገድ ዛሬ አልጀመረችም። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. ሜጀር ቺስማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫው በዚችው ከተማ ነበር፤ ስለ ጣናና ስለ ዐባይ የጻፈውን መጽሐፍም በ1936 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር አሳትሟል። ለቆንስሉ እንኳ እንዳልተደረገ የምናምነው መስተንግዶ ግን በአያቷ ቤት ለልጅቱ ተዘጋጅቶ ቆይቷል። ገና በሩን ስናልፍ እልልታው፣ ከእልልታው ቀጥሎ ለቅሶው፣ ከለቅሶው ቀጥሎ መሶቡ ቀረበ። መሶቡ ሲከፈት ዶሮ ወጥ ነው። ዐሥራ ሁለት ብልት ከነዕንቍላሉ፣ ቅቤው ከላይ እንደ መስተዋት የተንጣለለ፣ አዩኝ አላዩኝ የሚል መዓዛ ያለው ወጥ ነው። ሾፌራችን ምራቁን ሲውጥ ሰማነው።

አያቷ የመጀመሪያውን ጉርሻ አዘጋጅተው እጃቸውን ሲዘረጉ ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እኛ ልናስረዳ ሞከርን፤ ነገሩ ግን የሚብራራ አልሆነም። አሮጊቷ በመጀመሪያ፣ «ታማለች?» ብለው ጠየቁ። አለመታመሟን ሲሰሙ፣ «ስእለት አለብሽ እንዴ ልጄ?» አሉ። ስእለት ቢኖርባት ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። ልጅቱ ግን እውነቱን ተናጋሪ ሆና፣ «የለብኝም፣ እምዬ» አለች። ከዚያ በኋላ አሮጊቷ ብዙ አልተናገሩም። «እንግዲያስ ምን በድዬሽ ነው?» አሉና ጉርሻውን መልሰው ከመሶቡ ዳር አኖሩት። ልጅቱ በዚያ ቀን እንጀራ በአዋዜ በላች። በማግሥቱም እንጀራ በአዋዜ በላች። ከአሜሪካ ለመጣች የልጅ ልጅ እንጀራ በአዋዜ ማቅረብ ለአንዲት የዳንግላ ባለቤት ምን ያህል ውርደት እንደሆነ ለአንባቢያን ማስረዳት አያስፈልገንም። ጎረቤት እየመጣ ይጠይቃል፤ አሮጊቷ መሶቡን ከድነው ሌላ ወሬ ያነሣሉ። ልጅቱ ሌሊት ስታለቅስ እንዳደረች በማለዳ ከዓይኗ አየን።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱን ትንሽ ብናስተነፍሳት ይሻላል ብለን ወደ እንጅባራ ይዘናት ወጣን። መንገዱ ያማረ ነው። ከአዲስ ቅዳም አካባቢ ጀምሮ ግራና ቀኙ ሁሉ ገበሬው «ዲከረንስ» በሚለው ዛፍ ተሸፍኗል፤ ዛፉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደርሶ ከሰል ስለሚሆን፣ የከሰሉ ጭስ በየኮረብታው ሥር ሲትጐለጐል ይታያል። ፈረሰኞች በመንገዱ ዳር ያልፋሉ፤ አገው ምድር የፈረስ አገር መሆኗን ልጅቱ ከአባቷ ሰምታ ስለነበር በየፈረሱ ፊት አስቁሙልኝ አለች። ከእንጅባራ አልፈን ወደ ቲሊሊ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅም አየን። እሳተ ገሞራ በተወው ጕድጓድ ውስጥ ክብ ሆኖ የተኛ፣ በዛፍ የተከበበ ጸጥተኛ ውኃ ነው። ስንመለስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር፤ የእንጅባራ ብርድም ከ2500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚወርድ ስለሆነ ራብን ያበረታል።

መጀመሪያ የገባነው ሰሌዳው ከሩቅ በሚታይ አንድ ትልቅ ሆቴል ነው። አስተናጋጁ ጥብስ፣ ክትፎ፣ ዱለት ብሎ ቈጠረልን። የጾም አለ ወይ ብንለው በመገረም ተመለከተንና፣ «ጾም እኮ ተፈትቷል!» አለ። ጾሙ እንደተፈታ ለማወቅስ አውቀናል። ብዙ ካግባባነው በኋላ፣ «ሽሮ በንጹሕ ዘይት አሠራላችኋለሁ» ብሎ ሄደ። የመጣው ሽሮ ግን ገና ከሩቁ ቅቤው ይጣራ ነበር። ብንጠይቀው፣ «ለማጣፈጫ ያህል ጥቂት ናት» አለ። በዚህ ነገር በጣም እንደተቈጣን አንደብቅም። ለሥራ ጉዳይ ብዙ ከተማ ዞረናል፤ እንግዳ የጠየቀው ሌላ፣ የቀረበለት ሌላ መሆኑን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ሆቴል ቤት በየመንገዱ አይጠፋም። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ቅቤ ጨምሮ አክብሮን ነው። ነገር ግን እንግዳን ማክበር የሚጀምረው የተናገረውን ከመስማት ነው።

ከዚያ ወጥተን በራብና በኀፍረት መካከል ቆመን ሳለን፣ የባጃጅ ሾፌር የሆነ ወጣት ነገሩን ሰምቶ፣ «የተማሪዎቹን ቤት ፈልጋችሁ ነው» አለን። ተከትለነው ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ወዳለ የጭቃ መንገድ ታጠፍን። ቤቷ ምልክት ሰሌዳ የላትም። ግድግዳዋ በጭቃ የተመረገ፣ ኮርኒሷ የተጠለፈ ቀርከሃ፣ አግዳሚዎቿም ቀርከሃ ናቸው፤ በዚያ አገር ቀርከሃ እንደ ልብ ነው። አራት ጠረጴዛ ብቻ አለ። በማዕዘኑ የከሰል ምድጃ ፍም ብሎ ይነድዳል፤ እኛ ስንገባ ዝናቡ ጀመረና ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሰው ንግግር እስከማይሰማ ደረሰ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠጋግተው ተቀምጠው ደብተራቸውን ከጭናቸው ላይ እንዳኖሩ ሽሮ ይበላሉ። ለእኛም ተጠጋጉልን።

ባለቤቲቱ ኀምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ነጠላቸውን በወገባቸው የታጠቁ ሴት ናቸው። የጾም ምግብ እንዳላቸው ብንጠይቃቸው እንደ ሞኝ አዩን።

«ምን ሌላ አለኝና? ቅቤው የት ተደርሶበት! ተማሪ ምን ከፍሎ ይበላል? እኔ ቤት ዓመቱን ሙሉ የጾም ነው» አሉ።

በዚህ መልስ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። እኛ የጾም ምግብ የሚጠፋው ጾሙ ሲፈታ ነው ብለን ነበር። ለካ ሽሮውን በበዓለ ኀምሳ ጠብቆ ያቆየው ቀን መቍጠሪያው ሳይሆን የተማሪው ኪስ ኖሯል። ሰሌዳ የሰቀለው ሆቴል ያጣውን፣ ሰሌዳ የሌላት ቤት አላጣችውም። አንባቢያችን የሆኑት ተማሪዎች ይህን ከእኛ የተሻለ ያውቁታል፤ ከትምህርት ቤት የወጣን ሰዎች ግን ቶሎ እንረሳዋለን።

የልጅቱን ነገር ስንነግራቸው ሴትየዋ «ለምን?» ብለው አልጠየቁም። የጠየቁት፣ «ከዘይትም ትጾማለች ወይስ ከቅቤ ብቻ?» ብለው ነው። በሕማማት ሰሞን ዘይትም የማይቀምሱ ደንበኞች እንዳሏቸው ነገሩን። ቀጥለውም፣ «ጭልፋውስ ይለይላት?» አሉ። ድስታቸው የጾም ብቻ እንደሆነ፣ ምጣዱንም የሚያሰሱት በጐመን ዘር እንደሆነ አስረዱ። ልጅቱ ይህን ሁሉ በአማርኛ መጠየቅ አፍራ ሦስት ቀን ውጣው የያዘችውን ጥያቄ ሴትየዋ አንድ በአንድ አንሥተው ሲመልሱላት፣ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወረደ።

ምግቡ በአንድ ትሪ ቀረበ። እንጀራው ጤፍ ከዳጉሳ ጋር ተደባልቆ የተጋገረ ስለሆነ መልኩ ጠይም ነው። ሽሮው በሸክላ እንደ ፈላ ወጣ። ድንቹ የአገሩ ድንች ነው፤ በእርድና በሽንኵርት ተቀቅሎ በእጅ ሲነካ ይፈርሳል። ጐመኑ ነጭ ሽንኵርት በዝቶበታል፤ እኛ እንዲህ እንወደዋለን። ዘይቱ የኑግ ነው። ኑግ ጐጃም ከታወቀበት አዝርዕት አንዱ ሲሆን፣ የሳይንስ ሰዎች እንኳ በስሙ ላይ «አቢሲኒካ» የሚል ቃል ጨምረውበታል። ከትሪው መካከል ግን የነገሠው ስልጆው ነበር። ስልጆ ምን እንደሆነ ለማያውቅ የከተማ ወጣት ለመንገር ያህል፤ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ይገነፋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ስናፍጭና ነጭ ሽንኵርት ገብቶበት ለአያሌ ቀናት ይብላላል። ሲበላ በመጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ይጐመዝዛል፣ በመጨረሻ ስናፍጩ በአፍንጫ ይወጣል። ልጅቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዳንግላ ላይ ዶሮውን አላምጦ ያልጠገበው ሾፌራችን፣ «ይቺን ነገር ትንሽ ይጨምሩልኝ» ሲል ሦስት ጊዜ ሰምተነዋል።

እየበላን ልጅቱ ስለ አሜሪካ ነገረችን። እዚያ ቬጋን የሆኑ ጓደኞቿ ሻይ ቤት ሲያማርጡ የሚስማሙት በኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነው፤ ምክንያቱም በያይነቱ ካለ ማንም ምንም አይጠይቅም። በኒው ዮርክ ብሩክሊን «ቡና ካፌ»፣ በሎስ አንጀለስ በትንሿ ኢትዮጵያ ሰፈር የ«ራሄል» ምግብ ቤት፣ በለንደን ዳልስተን ደግሞ «አንዱ ካፌ» ሥጋና ቅቤ ከበራቸው ሳያስገቡ የእኛኑ የጾም ወጥ ብቻ እየሠሩ በዚያ ጊዜ ስም ያተረፉ ቤቶች ነበሩ። ጓደኞቿም፣ «የአንቺ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚበላው? ዕድለኛ ነሽ!» ይሏታል። እርሷም አምናቸው ነበር። ወደ አባቷ አገር ስትመጣ ከሁሉ የምትመቻት ቤት የአያቷ ቤት ትሆናለች ብላ ነበር የመጣችው።

ከምግቡ በኋላ ሴትየዋ በብርጭቆ ብርዝ ይዘው መጡ። የአዊ ማር ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ወርቅ ይመስላል። ልጅቱ ተጨነቀች፤ ቬጋን ማር አይቀምስም፤ ማሩ የንብ ድካም ነውና። ነገሩን ስንተረጕምላቸው ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ተጋቡ። «ለንብም ይታዘናል?» አሉ። ጥቂት አሰቡና ብርዙን ለእኛ አሳልፈው፣ ለልጅቱ የተልባ ውኃ በጥብጠው አመጡላት። ስለ ምክንያቱ የጠየቁት ያን ጊዜ ነው። ልጅቱም በአሜሪካ ዶሮ በብዙ ሺህ ሆኖ በአንድ አዳራሽ ታጕሮ ሰማይ ሳያይ እንደሚያድግ፣ ይህንንም በፊልም ካየች ወዲህ መብላት እንዳቃታት በተሰባበረ አማርኛ ነገረቻቸው። ሴትየዋም፣ «የእኛ ዶሮ እኮ ከእኛ ጋር ነው የምትውል» አሉ። ልጅቱ መልስ አላገኘችም። እኛም አላገኘንላትም።

ልጅቱ ተልባዋን ስትጠጣ ከቦርሳዋ አንዲት ክኒን አውጥታ ዋጠች። ሴትየዋ ደነገጡ። ነገሩ በሽታ አይደለም። ቢ 12 የተባለው ቪታሚን ከእንስሳ ምግብ እንጂ ከአትክልት በሚገባ አይገኝም። የእኛ ጾመኛ ጾሙ ሲፈታ ወተቱንና ሥጋውን ስለሚያገኝ፣ ሰውነቱም ይህን ቪታሚን በጉበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚያከማች ብዙ አይቸገርም፤ መፍቻ የሌለው ጾም የያዘ ሰው ግን ጕድለቱን በክኒን ወይም ቪታሚን በተጨመረበት ምግብ ካልሞላ ደሙና ነርቩ ይጐዳል። በሌላው በኩል እንጀራና ሽሮ አብረው መበላታቸው ብልኀት አለው፤ እህሉ ያነሰውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሞላለታል። ይህን የሚያውቅ ወጣት ሁሉ በሽሮ አይፈር።

ሒሳቡን ስንጠይቅ፣ ለሁላችን የከፈልነው ልጅቱ በአገሯ ለአንድ ስኒ ቡና ከምትከፍለው ብዙ የሚበልጥ አልነበረም። በዚህ መንገድ ላይ ለሚሠሩ ወጣት ሹማምንት አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደስ አይለንም። ስለ ቱሪዝም ስብሰባ ሲደረግ የሆቴሉ ፎቅ ይቈጠራል፣ የአልጋው ብዛት ይጻፋል። አንድ የጾም ድስት ዓመቱን ሙሉ ለይቶ ማኖር ስንት ያስወጣል ብሎ የጠየቀ ሰው በየስብሰባው አላጋጠመንም። እንጅባራ ላይ ያችን ድስት ያገኘናት በባጃጅ ሾፌር ምሪት ነው።

ስንነሣ ሴትየዋ ከስልጆው በፕላስቲክ ዕቃ ቋጠሩልን። ለልጅቱም ጠጋ ብለው፣ «ለአያትሽ ስእለት ነው በያቸው፣ ልባቸው ያርፋል» አሏት። ልጅቱ ግን፣ «ውሸት ይሆንብኛል፣ እማማ» አለች። ሴትየዋ ሳቁ። «እንግዲያስ ዝም ብለሽ አብራችሁ ብሉ» አሉ።

ማታ ዳንግላ ስንደርስ ልጅቱ የአያቷን መሶብ ራሷ አቀረበች። እንጀራውን ዘርግታ ስልጆውን ከመካከሉ አፈሰሰችና በእጇ ጠቅልላ ለአያቷ አጐረሰቻቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ስልጆ ያለ ሁዳዴ በአፋቸው ገብቶ እንደማያውቅ ነገሩን። ከዚያም ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ስናፍጩ አንሶታል። ማን ነው የሠራው? እንጅባራዎች ስልጆ ምን ያውቃሉ!» አሉና ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ድስት በአመድ ሲታሽ ተሰማ። ልጅቱንም ከጓዳ ሆነው ጠሯት፤ «ነይ፣ ባቄላውን ልቀሚልኝ» ሲሉ ሰማን። እኛ እንቅልፋችን እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ ከጓዳ አልወጡም።

በማግሥቱ ለመሰናበቻችን የቀረበው ምሳ ሽሮ፣ ድንችና ጐመን ነበር። ለእኛና ለሾፌሩ ተብሎ ከምሰሶው ሥር ታስሮ ያደረው አውራ ዶሮም፣ ዕቃችንን ስንጭን ገመዱ ተፈትቶለት ከግቢው ጥግ አፈር ሲጭር አየነው።